የማዕዘኑ ወራጅ

…ባዶ እጁን ነበር የመጣው፣ በየነች ነገሩ የገባት በዚያ ነው፣ ከባሏ ጋር የሚሠራው ናስረዲን፣ እሱን የሚያህል አናጺ መዶሻውን ሳይዝ በማለዳ ሰው ቤት ምን ይሠራል፣ ከኋላው ሁለት ሽማግሌ፣ ከእነሱ ኋላ የሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እሷ ደግሞ ቡና የተሰጣበት አልጋ አጠገብ ቆማ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ ባሌ ቴፒ የያዘውን ሥራ ጨርሶ ዛሬ ይገባል እያለች። ተቀመጪ እስቲ ልጄ፣ ለምን እቀመጣለሁ፣ ግድ የለም ተቀመጪ። መኪናው ተገልብጦ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አታስታውሰውም።

አሁን አርባው ወጥቷል። ቤቱ ግን ጣሪያ የለውም። ግድግዳው ቆሟል፣ ጭቃው ተመርጓል፣ የሚዛን ሰማይ ደግሞ ሐዘንተኛ አይጠብቅም፣ ከሸኮ በኩል እየጠቆረ ነው፣ አንድ ሁለት ኃይለኛ ዝናብ ከወረደበት ጭቃው ተንዶ ያልቃል፣ ሃያ ዓመት የሰው ጣሪያ ሲሠራ ኖሮ ለራሱ ጀምሮ የሄደ ሰው። በአራት ወገን የሚወርድ ጣሪያ ነው የማለብስሽ መምህርት፣ እንደ ሹም ቤት፣ ይላት ነበር። እኔ ሹም ነኝ እንዴ ካሣዬ። ለኔማ ከሹምም በላይ ነሽ፣ ደመወዝሽ ነው የሚያንሰው።

ጫካ ድረስ ሄዶ የመረጣቸው አራት የቀረሮ እንጨቶች ግድግዳውን ተደግፈዋል። ከአራቱ ማዕዘን ተነስተው ጫፉ ላይ የሚገናኙት ወራጆች። አራት ማዕዘን፣ አራት እንጨት፣ ትርፍ የለም፣ እንዲህ ያለ ረጅምና ቀጥ ያለ ደግሞ ዛሬ ከየት ይገኛል።

እትዬ፣ ይላል ናስረዲን መጋዙን ይዞ፣ የጎኑን ተራ ወራጅ ጋሽ ካሣዬ ቆርጦታል፣ የማዕዘኑንም በእሱ ልክ ላዘንብለው? ቆይ። ቆይ አትንካው።

በእሱ ልክ። ሸዋ ቤንች ላይ የሰው ቤት ሲሠራ እሷም እንዲሁ ብላ ነበር፣ አዲስ ሙሽራ፣ አዲስ የሒሳብ አስተማሪ፣ አናጺ ባሏን ልታስደንቅ በደብተር ጀርባ አስልታ፣ ሃያ ስድስት ዲግሪ ተኩል፣ ለሁሉም እንጨት አንድ ዓይነት፣ እሱም አመናት፣ ሲባጎውን ትቶ በቃሏ ቆረጠ፣ ሲሰቅሉት የማዕዘኑ እንጨት አፉን ከፍቶ ቀረ። ማነው የለካው፣ ብሎ ጮኸ የቤቱ ባለቤት። ካሣዬ ራሱን እያከከ፣ እኔ ነኝ፣ ዓይኔን ነፋስ መቶኝ ነው አለ። ዓይኑን ነፋስ! ውሸት እንኳ የማያውቅበት ሰው። እንጨቱን ከኪሱ ተካ፣ ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ፣ መምህርት፣ አላት፣ በማዕዘን የሚወጣ ሰው መንገዱ ይረዝምበታል፣ ከፍታው ግን ያው ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ይህንኑ ስንት ዓመት ለተማሪዎቿ አስተማረችው፣ ባሌ ነው ያለው ሳትል።

ይሄኛው ቤት በሁለቱም ወገን ስድስት ሜትር ይሰፋል፣ ግማሹ ሦስት። ሦስት በሦስት ዘጠኝ፣ ሌላም ዘጠኝ፣ አስራ ስምንት፣ ከፍታው አንድ ተኩል፣ በራሱ ሲባዛ ሁለት ከሩብ፣ ድምሩ ሃያ ከሩብ፣ በራሱ ተባዝቶ ሃያ ከሩብ የሚሆነው… አራት ተኩል። ከግድግዳው ውጪ ለጠርዙ የሚወጣውን ሳይጨምር ልክ አራት ተኩል፣ ምን ያምራል፣ ማማሩ ነው የሚያስፈራት፣ ያን ጊዜም አምሮ ነበር።

ሲባጎ አምጣ ናስሮ።

ግቢው ላይ፣ እሱ እንደሚያደርገው። ሦስት ሜትር ወዲህ፣ ሦስት ሜትር ወዲያ፣ ማዕዘኑ በስኳድራ ቀጥ ብሎ፣ ከጫፍ ጫፍ ሲባጎ፣ ከሲባጎው ጫፍ ደግሞ አንድ ተኩል ወደ ጎን፣ መሬት ላይ የተኛ ከፍታ፣ ከዚያ የቀረውን ጎን ለካ። ናስረዲን ሜትሩን ይዘረጋል። እትዬ፣ ምላስሽን አወጣሽ። ምን? እሱም ሲለካ ያወጣ ነበር፣ እኛ እንስቅበት ነበር። ዝም ብለህ ለካ አንተ። አራት ተኩል፣ ይላል። ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን ትልቁን የእንጨት ዲግሪ መለኪያ መሬት ላይ ታስተኛዋለች፣ አስራ ዘጠኝ ተኩል፣ የተራው ሃያ ስድስት ተኩል አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ቀስ ብሎ የኔ ጌታ።

ቁረጥ።

የመጋዙ ድምፅ። ማየት አትችልም፣ ደግሞ ታያለች። እንጨቱ በገመድ ይወጣል፣ ታችኛው ጫፍ ማዕዘኑ ላይ ይቀመጣል፣ ላይኛው መሃል ወደቆመው ቋሚ ይጠጋል፣ ናስረዲን አውራ ጣቱን መገጣጠሚያው ላይ ያስኬዳል፣ መልሶ ያስኬዳል። ምነው፣ አልገጠመም እንዴ። ምን ልበል እትዬ፣ ጥፍር አያስገባም።

ትቀመጣለች፣ መጋዙ ባራገፈው ብናኝ ላይ፣ ማንም ተቀመጪ ሳይላት። ሦስት ይቀራል፣ ልኩ ያው ነው፣ ዝናቡም ገና ነው። ዝናብ በማያስገባ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ የካሣዬ ክርስትና ስሙ ገብረ ጻድቅ ነበር፣ የሚስቱን ስህተት በራሱ ስም የተሸከመ ሰው ነበር፣ አንድ ጊዜ ነፍስ ይማር በሉለት።