ከአልጋ አልጋ

እህቴ እታገኝ ሆስፒታል በተኛች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነርሷ ወንጌል ወደ በረንዳ ጠራችኝ።

«እትዬ አባይነሽ፣ ደሟ ውስጥ ፈንገስ ተገኝቷል። የተለመደው መድኃኒት አይገድለውም። በእጅና በአልጋ ብረት ይተላለፋል» አለችኝ።

እኔ ደግሞ በየቀኑ ከእንጦጦ ማርያም ያመጣሁትን ጸበል እህቴን ቀብቼ ስጨርስ፣ የክፍሉን ሕሙማን ሁሉ እጃቸውን እየያዝኩ «እግዜር ይማራችሁ» ስል ነው የሰነበትኩት። የራስን በሽተኛ ብቻ ጠይቆ መውጣት ነውር ነዋ። ከመሪ ሰፈር መጥታ እዚያው ክፍል የተኛችው ሰልማ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ይዟታል።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ መቀመጥ አቃተኝ። ብናገር ከእህቴ ያርቁኛል፤ ዝም ብል ሰልማን ማንም ሳይመረምራት ይመሻል። ሦስቴ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

«ምነው ዛሬ ዘለልሽኝ?» አለች ሰልማ ከአልጋዋ። «ሙስሊም መሆኔን ዛሬ ነው ያወቅሽው?»

«እጄ ነው ዛሬ ሰው መንካት የሌለበት» አልኳትና ወንጌልን ጠራኋት። «የሰልማንም ደም መርምሩላት። የእህቴን ገላ በነካሁበት እጅ የሁሉንም ስይዝ ሰንብቻለሁ።»

ወንጌል የሰልማን ስም መዝገቧ ላይ ጻፈች። «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ እታገኝን በመስኮት ነው የሚያዩዋት» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ። እታገኝ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር አልሰማችንም።