ስክሪኑን የወረሰው ስልጠና

የምሠራው ከቤት ነው፤ የደንበኞችን ቅሬታ እመልሳለሁ። መሥሪያ ቤቱ «ግዴታ ነው» ብሎ የላከው የኮምፒውተር ስልጠና ግን ሙሉውን ስክሪን ወርሶ ቁጭ አለ። ጎን ለጎን ልሥራ ብዬ ሌላ ገጽ ስከፍት ያኮርፍና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። አለቃዬ ደግሞ «ቅሬታዎቹስ?» እያለ በስልክ ቁም ስቅሌን ያሳየኛል። የሰው ቅሬታ ስሰማ የምውለው ሴትዮ የራሴን የምነግረው አጣሁ።

በመጨረሻ ደሜ ፈላ። ስልጠናውን በባሌ አሮጌ ላፕቶፕ ከፈትኩና ሳሎን ወስጄ እናቴ ፊት ደቀንኩት።

«እማዬ፣ ‹ቀጥል› የሚል ነገር ሲመጣ ብቻ ተጫኚልኝ።»

«ምን ሲያወራ?»

«የፈለገውን ያውራ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ቀጥል በይው።»

መነጽሯን አድርጋ ተመቻችታ ተቀመጠች። እኔም መኝታ ቤት ገብቼ ሥራዬን ተያያዝኩት። ጨርሼ ስወጣ ስልጠናውም አልቆ፣ ስሜ ያለበት ሰርተፍኬት ስክሪኑን ሞልቶታል። እፎይ አልኩ።

«ለመሆኑ ምን አለ?»

«ስልጠናውን ሌላ ሰው ከወሰደላችሁ ከሥራ ትባረራላችሁ አለ።»

ክው አልኩ። «አንቺስ ምን አልሽው?»

«ቀጥል አልኩት።»