ጨው የጨመርኩበት የጋሽ ሾዴ ገንዳ

እኔን የሚያስጨንቀኝ ነገር ገና አልተወለደም። የሽሮ ሜዳ ሴት ልጆች የቀበሌ ስብሰባ ሲባል ይሸበራሉ፤ እኔ ግን ወላሂ ድንጋይ ነኝ።

ባለፈው እሑድ የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ መሸሻ መፈክር ሊያሰማ እጁን አንሥቶ አፉን ሲከፍት ማዛጋት ቀደመው። ሳቅሁ። ሌላውም ስቋል፤ የእኔ ሳቅ ግን ጎላ አለ።

"ጓድ ጀዊሪያ፣ ለሚቀጥለው እሑድ ግለ ሂስ አዘጋጂ!" አለኝ። በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ጥፋቴን ልዘረዝር፣ ይቅርታ ልል ማለት ነው። ስንወጣ ለጓደኞቼ ማልኩ፦ "ይቅርታ ካልኩ ጀዊሪያ አይደለሁም!"

በቃ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ሐሙስ ላይ ለእናቴ ሻይ ስቀዳ ግማሹን ሰፌድ ላይ አፈሰስኩት። ፍርሃት አይደለም። ድካም ነው።

አጎቴ ሸፊ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት አፋር በረሃ የጨው መኪና ረዳት ነበር። እንቅልፍ እንዳጣሁ ስነግረው "እዚያ አንድ ሐይቅ አለ" አለኝ። "ከጨዉ ብዛት ሰው አይሰምጥበትም። ጋደም ትያለሽ፤ ጆሮሽ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሾፌሩ ቢጮህ አትሰሚ፣ ዓለም ቢገለበጥ አትሰሚ። ስትወጪ ሐሳብሽ ሁሉ እዚያው ቀርቷል።"

"እዚህስ አይሆንም?"

"አንቺ ጉደኛ፣ ጉለሌ ላይ ሐይቅ ልትቆፍሪ ነው?"

ሐይቅ ባይኖር ገንዳ አለ። ጎረቤታችን ሸማኔው ጋሽ ሾዴ የጥለት ክር የሚነክርበት ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ አለው። ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ "እጠቢልኝ" ብሎ የግቢውን ቁልፍ ሰጠኝ። አጠብኩት፤ ንጹሕ ሆነ። ከአጎቴ ሱቅ ረጥቦ የተጋገረ፣ ገዥ ያጣ አንድ ኬሻ ጨው ለምኜ እየጎተትኩ አመጣሁ። ውሃ አሙቄ ሞላሁ፣ ጨዉን ገለበጥኩበት፣ በሩን ቀርቅሬ ከነአሮጌ ቀሚሴ ገባሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ተንሳፈፍኩ አይባልም። እግሬ ብቻ ነው የተነሣው፣ መቀመጫዬ ሲሚንቶው ላይ ቀረ። ግን ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጉለሌ በሙሉ ጠፋች። የቀበሌው ድምፅ ማጉያም ጠፋ። የቀረው የልቤ ምት ብቻ ነው፤ እሱም ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ሄደ። "ጓድ መሸሻ፣ ግለ ሂስህን ራስህ አድርገው!" አልኩ ወደ ሰማዩ። ከዚያ እንቅልፍ ጣለኝ።

የነቃሁት በሩ ሲደበደብ ነው። ስከፍት ጋሽ ሾዴ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"አንቺ ልጅ! ምን ሆንሽ?"

እጄን አየሁ። ቀይ! ክንዴ፣ እግሬ፣ ሁሉም ቀይ።

"አጥቤው ነበር እኮ!"

"ላዩን አጥበሻል። ሲሚንቶው የጠጣውን ቀለም ሙቅ ውሃ ያወጣዋል። ደግሞ ጨው ማን ጨምሪ አለሽ? እኛ ቀለሙ ክሩን እንዳይለቅ በምን የምናስይዘው መሰለሽ?"

በሳሙና ፈተግሁ፣ በሎሚ ፈተግሁ፤ ፍንክች አላለም። እናቴ "ነገማ አትሄጂም፤ አሟታል እላለሁ" አለች።

"ፈራች ሊሉኝ? እሄዳለሁ!"

እሑድ እጄንም አንገቴንም ሳልሸፍን አዳራሹ ገባሁ። ከኋላ አንዱ "ቀይ ኮከብ መጣች" አለ፤ ሳቁ ፈነዳ። ጓድ መሸሻ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ስሜ እስኪጠራ አልጠበቅሁም። ብድግ አልኩ።

"ጓድ ሊቀ መንበር! እርስዎ አዛጉ፣ እኔ ሳቅሁ። ነገም ቢያዛጉ እስቃለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም!"

ጓድ መሸሻ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ትክ ብሎ አየኝ።

"የዛሬው አጀንዳ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው" አለ። "አንቺን ደግሞ ማን አስታወሰሽ? ቁጭ በይ።"