ከመስታወቱ በስተውስጥ

ጋሽ ቀለሜ የሰፈራችን የማስታወቂያ ጸሐፊ ነበሩ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ትምህርት ስለገፉ እንዳይመስላችሁ፤ ሱሪያቸው ላይ ያልተረጨ የቀለም ዓይነት ስላልነበረ ነው።

ካቻምና ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና አንደበታቸው ተዘጋ፤ ሁለቱም እጆቻቸው ከጭናቸው ላይ አልነሳ አሉ። በር በርግዶ መግባት የሚወደው ልጃቸው፣ "አባባ የለም፤ የቀረው ገላው ነው" ብሎ ለቅዳሜ የአረጋውያን መጦሪያ ቦታ ያዘላቸው። ሚስታቸው እትዬ ግን፣ "አንዲት ቃል ከለዩ ማንም አይወስድብኝም" ብለው እኔን ጎረቤታቸውን አስከትለው ምርመራ ወሰዷቸው።

ክፍሉ ድሮ ጽሕፈት ቤት ነበር፣ በሩ ባለ መስታወት። ተመራማሪዋ ልጅ ትንንሽ መብራቶች የተተከሉበት ጥቁር ቆብ አጠለቀችላቸው።

"ብርሃኑ የራስ ቅል ዘልቆ ደም ወዴት እንደሚሄድ ያያል" አለችን፣ የራሷን ኮምፒውተር ወደ እኛ አዙራ። "ቃሉን ካወቁት ይሄ መስመር ይነሳል።"

"ለሠርጋቸውም እንዲህ አላጌጡ" አልኩ።

"አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ያዢ" አሉ እትዬ። እጄን ግን አለቀቁም።

ከፊታቸው ባለው ስክሪን ላይ "ዳቦ" መጣ። "በር" መጣ። የእትዬ ስም መጣ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ስክሪኑ ለእረፍት ባዶ ሆነ፤ መስመሩም ተነሳ።

ልጅቷ ገመዶቹን ነካክታ ደገመች። ቃል ሲመጣ ይተኛል፣ ባዶ ሲሆን ይነሳል።

"ምንም እኮ አላሳየኋቸውም" አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

ዓይናቸውን ተከተልኩ። ስክሪኑ ባዶ ሲሆን የሚያዩት የበሩን መስታወት ነበር። ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም። ተጠግቼ እፍ ስልበት ፊደሎች ብቅ አሉ፣ ግራና ቀኛቸው ተገልብጦ። ቀለሙ ከተፋቀ ዓመታት አልፈዋል፤ መስታወቱ ግን አልረሳም።

እትዬ ወጥተው ከውጭ አነበቡት። "ሳያንኳኩ አይግቡ።" "የእሳቸው እጅ ነው" አሉ።

ጋሽ ቀለሜ መስታወት ላይ የሚጽፉት ዝናብ እንዳያጥበው ከውስጥ ቆመው ነው፤ ለመንገደኛው እንዲቃና ለራሳቸው ገልብጠው። ይህን ስንነግራት ልጅቷ ቃላቱን ሁሉ ገልብጣ አሳየቻቸው። መስመሩ ሽቅብ ወጣ። በእትዬ ስም ላይ ከሁሉም በላይ ዘለለ።

"አርባ ዓመት ፊት ለፊት ቆሜላቸው፣ ለካስ ጀርባዬን መስጠት ነበረብኝ" አሉ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ አለቀሱ።

ልጃቸው የምርመራውን ውጤት አይቶ፣ "ማሽን ይሳሳታል" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን አቁሞ ሲመጣ እትዬን እኔ ዘንድ፣ አጥሩ ሥር እያባበልኳቸው ነበር። ቤት ውስጥ ከጋሽ ቀለሜ በቀር ማንም የለም፤ እሳቸውም ወንበራቸው ላይ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብለው። ልጁ እንደ ልማዱ በሩን ሊበረግድ ሲል ባለበት ቀረ።

የመስኮቱን መስታወት ጉም አልብሶታል። ጉሙ ላይ፣ ከመንገድ ቀጥ ብሎ የሚነበብ፣ የፊደሎቹ እግርና አንገት በብሩሽ እንደተሳበ ያማረ ጽሑፍ ነበር። ሳያንኳኩ አይግቡ።

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። እትዬ ባዶ እጃቸውን አሳዩት። ቆየና አንኳኳ።

"አባባ፣ እኔ ነኝ" አለ፣ እንደ ሕፃን። "ልግባ?"

ድምፅ አልመጣም። ጉሙ ብቻ፣ ከውስጥ በኩል፣ በዝግታ ተጠረገ።