የእትዬ ሰብሳቢ ምራት

እትዬ ሰብሳቢ ሰብሳቢ ከመሆናቸው በፊት በሰፈሩ የሚታወቁት በካውያቸው ነበር። አስፋልቱ ማዕዘን ላይ ያለችው ጠባብ ላውንድሪ የሳቸው ናት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማለዳ ከፍተው አመሻሽ ላይ የሚዘጉት እሳቸው፣ የሰው ሸሚዝ ሲተኩሱ ወገባቸው የተቆረጠው እሳቸው። ሰው ልብሱን ሰጥቷቸው፣ ልብሱን ተቀብሏቸው ይሄዳል እንጂ ምን ያስባሉ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

የሰፈር ደህንነት የሚባለው ፕሮጀክት የመጣው አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ማለዳ ወደ ሥራ ስትሄድ ከፋብሪካው ግንብ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ተወግታ ከተገኘች በኋላ ነው። አንገቷ ላይ ባጅ ያንጠለጠለች ወጣት ባለሙያ ሰፈርተኛውን በወጣቶች አዳራሽ ሰበሰበች። መድረክ ላይ ወጥታ አልለፈለፈችም። ወንበር ስባ መሐላቸው ተቀመጠችና፣ "ደህንነትን ሌላ ሰው አያመጣላችሁም። የሚያስፈራችሁን የምታውቁት እናንተው ናችሁ፤ መፍትሔውንም የምትወስኑት እናንተው። እስኪ ንገሩኝ፣ ምንድን ነው የሚያስፈራችሁ?" አለች።

ከኋላ ወንበር መጀመሪያ ብድግ ያሉት ባለ ካውያዋ ሴትዮ ነበሩ።

"መተላለፊያው ጨለማ ነው" አሉ። "እንኳን ሴት ልጅ ውሻ አያልፍበትም። ፖሊስ ስንጠራ ደግሞ አንተ ማነህ፣ አንቺ ማነሽ እያለ እኛኑ ይመረምራል። እኛ የምንፈራው ሌባውንም ፖሊሱንም ነው።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ባለ ባጇ ዓይኗ በራ። የሰፈሩ የደህንነት ኮሚቴ ሲመረጥ እጁን ያላነሳላቸው አልነበረም፤ ስሙም በዚያው ወጣላቸው።

ሥራውን ያውቁበት ነበር፤ ይህን ማንም አይክዳቸውም። መተላለፊያው ላይ መብራት ተተከለ። ቀድሞ ሰፈሩን በመኪና መስኮት ብቻ የሚያየው የፖሊስ ጣቢያው ሃምሳ አለቃ በየሳምንቱ እየመጣ ከኮሚቴው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ጀመር። የሰፈሩ ወጣቶች አረንጓዴ ሰደርያ እየለበሱ ሠራተኛ ሴቶችን እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ይሸኛሉ። እትዬ ሰብሳቢ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ከማዶ ሆኖ "እንደምን አደሩ እትዬ" ይላቸዋል። ያን ሲሰሙ የተቆረጠው ወገባቸው የሚቃና ይመስላቸው ነበር።

ከላውንድሪው ጀርባ ሁለት ክፍል አለ። በአንዱ እሳቸው፣ በሌላው ልጃቸው ከሚስቱና ከህፃን ልጁ ጋር ይኖራሉ። መሐሉን የሚከፍለው ኮምፔንሳቶ ነው። ልጃቸው መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ሚስቱ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ እናት አባቷን በልጅነቷ የቀበረች፣ ሂጂልኝ ቢሏት የምትሄድበት የሌላት ልጅ ናት። ቀኑን ሙሉ ከአማቷ ጎን ቆማ ስትተኩስ ትውላለች፤ ሲመሽ ትደበደባለች። እትዬ ሰብሳቢ ድምፁ ሲመጣባቸው ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ጠዋት ያበጠ ፊቷን እያዩ፣ "ደክሞት ሲገባ አትመልሺለት አላልኩሽም?" ይሏታል።

እሳቸውም በዘመናቸው ተመትተዋል። ባላቸው የሚመቷቸው በቀበቶ ነበር። ምን ሆንሽ ያላቸው የለም፤ እሳቸውም ለማንም አልተናገሩም። ጥርሳቸውን ነክሰው ቤታቸውን ይዘው ኖሩ። ይህቺ ትናንት የመጣች ልጅ በምን ትበልጣቸዋለች? ይህ ሐሳብ ሲመጣባቸው ካውያውን ጨርቁ ላይ ጫን ያደርጉታል። አንጀታቸው የሚላወሰው ለልጅ ልጃቸው ብቻ ነው። ሴት ልጅ አልወለዱም። ህፃኗ መራመድ ስትጀምር ወደ እናቷ ሳይሆን ወደሳቸው የሄደች ጊዜ የተሰማቸው ደስታ ያስደነግጥ ነበር።

ከፕሮጀክቱ ዋና መሥሪያ ቤት እንግዶች የመጡት ኮሚቴው አቤቱታ በሚሰማበት ሐሙስ ከሰዓት ነው። እንግዶቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። አንድ አባት ስለ ጎረቤታቸው ውሻ አመለከቱ፤ በሳቅ በጨዋታ ተፈታላቸው። ቀጥሎ በሩን ገፋ አድርጋ የገባችው ምራታቸው ነበረች።

እትዬ ሰብሳቢ የላውንድሪውን ቁልፍ ልትጠይቅ የመጣች መሰላቸው። "ቆየት ብለሽ ነይ፣ እንግዳ አለ" አሏት።

ልጅቷ አልወጣችም። አቤት ባይ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻሿን ፈታች። ግራ ጆሮዋ አብጦ ጠቁሯል፤ ሥሩ ላይ ደም ደርቋል።

"አቤቱታ አለኝ" አለች። "ባለቤቴ ይመታኛል። ትናንት የመታኝ በመፍቻ ነው። በዚህኛው ጆሮዬ አልሰማም።"

ሃምሳ አለቃው ጣሪያውን ያይ ጀመር። የኮሚቴው ምክትል ሰብሳቢ የሆኑት ጡረተኛ መምህር መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ያዙ። ባለ ባጇ ደግሞ አንዴ እንግዶቹን፣ አንዴ እትዬ ሰብሳቢን ታያለች።

እትዬ ሰብሳቢ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ግን ብዙ ሥልጠና ላይ ተቀምጠዋልና ምን እንደሚባል ያውቃሉ። ተነሡ፤ ጠረጴዛውን ዞረው ሄደው ልጅቷን አቀፏት።

"ይኸው" አሉ ወደ እንግዶቹ ዞረው። "ኮሚቴው ለዚህ ነው። የእኔም ቤት ቢሆን አይሸሸግም። የተጎጂዋ ምስጢር እንዲጠበቅ ግን ጉዳዩን ለብቻ እናየዋለን።"

ከእንግዶቹ አንዷ ዓይኗን በመሐረብ ነካ ነካ አደረገች። ልጅቷ በእቅፋቸው ውስጥ ሆና ተንሰቀሰቀች። እናት አባት ካጣች ወዲህ እንዲህ ደረቱ ላይ አጥብቆ የያዛት ሰው አልነበረም፤ የምራቸውን መሰላት።

በማግስቱ ጠዋት ላውንድሪው ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ እትዬ ሰብሳቢ ካውያውን ሰኩና፣ "በሰው ፊት ልብሴን ገፈፍሽኝ" አሏት።

"እማማ፣ ለእርስዎማ ስንቴ ነገርኩዎ። ደግሞስ ይሰማሉኮ። ኮምፔንሳቶ ነው።"

"እሰማለሁ። እና?"

"ለሌሎቹ ሴቶች ሲናገሩ ሰምቼ ነው። ዝም አትበሉ፣ ወደ እኛ ኑ ሲሉ።"

"ለሌሎቹ ነዋ" አሉ እትዬ ሰብሳቢ፤ ሸሚዙን ዘርግተው ውሃ ረጩበት።

በዚያው ቀን ወደ መምህሩ ቤት ሄዱ። የመምህሩ ሚስት የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ አንሶላቸውን እያጠቡ የሚልኩላቸው እትዬ ሰብሳቢ ናቸው። የቆሸሸውን ሰብስበው በዘምቢል እየከተቱ፣ "እኔ በዚህ ጉዳይ አልቀመጥም። የልጄ ነገር ነው፣ ያሳማኛል። እርስዎ ይምሩት" አሉ።

"ይከብዳል፣ እትዬ" አሉ መምህሩ።

"ምን ይከብዳል? ልጅቷ ከልጄ ብትርቅ ትድናለች። እኔም አልጠላም። ህፃኗ ግን በየመጠለያው መንከራተት የለባትም።" ዘምቢሉን አነሡ። "አንሶላውን ነገ እልካለሁ።"

መምህሩ ወደ ሚስታቸው አልጋ አዩና አንገታቸውን ደፉ።

ስብሰባው ላይ እትዬ ሰብሳቢ ገና ሲጀመር ራሳቸውን ከሰብሳቢነት አነሡ፤ እንደ ቤተሰብ ብቻ ሊቀመጡ። ባለ ባጇ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም አለች። መምህሩ ውሳኔውን በዝግታ፣ ለተማሪ እንደሚያጽፍ ሰው አነበቡት። የተጎጂዋ ደህንነት ስለሚቀድም ወደ ሌላ ከተማ፣ ፕሮጀክቱ ወደሚያውቀው መጠለያ ትሂድ። ህፃኗ ኑሮዋ እንዳይናጋ አያቷ ዘንድ ትቆይ። ባልየው ይመከር። ኮሚቴው በሙሉ እጁን አወጣ።

"ህፃኗ ጡት ትጠባለች?" ስትል ጠየቀች ባለ ባጇ።

"ከጣለች ቆየች" አሉ እትዬ ሰብሳቢ።

"አልጣለችም" አለች ልጅቷ። "እኅቴ፣ አልጣለችም። ዛሬ ጠዋት አጥብቻታለሁ። ያለ እኔ አትተኛም።"

የቀሚሷ ደረት በሁለት በኩል ረጥቦ ነበር። ባለ ባጇ አየችው። አይታም ለአፍታ አፏን ከፍታ ነበር። ሕዝቡ የወሰነውን የውጭ ሰው አይሽረውም ብላ ያስተማረች ግን ራሷ ናት፤ የፕሮጀክቱ ግምገማም ደርሷል፤ እንዲህ ያለ ኮሚቴም በሌላ ሰፈር የላትም። "ለጊዜው ነው" አለቻት እጇን ይዛ። "አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ።"

ልጅቷ ከዚያ ተነሥታ በሩጫ የሄደችው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነበር። ሃምሳ አለቃው ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣት፤ ውሃም አስመጣላት።

"ድሮ ቢሆን ባልሽን ጆሮውን ይዤ አስገባው ነበር" አላት። "አሁን አሠራሩ ተለውጧል፣ እህቴ። ጉዳይሽን ሕዝቡ አይቶታል። ሕዝቡ ባየው ላይ እኔ እጄን ባስገባ ነገ ተነሥተው ፖሊስ ናቀን ይላሉ። ተመለሺና እነሱኑ ለምኛቸው።"

ተመልሳ ለመነቻቸው። እግራቸው ላይ ወደቀች። እትዬ ሰብሳቢ ህፃኗን አቅፈው ቆመው፣ "መኪናው እየጠበቀሽ ነው" ከማለት በቀር አልመለሱላትም። ባሏ እጁን በናፍጣ ጨርቅ እየጠረገ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። መኪናው ሲንቀሳቀስ ህፃኗ እጇን ዘርግታ ጮኸች። እትዬ ሰብሳቢ ወደ ውስጥ ይዘዋት ገቡ። ሌሊቱን ሁሉ ሳይተኙ የሚያድሩ መስሏቸው ነበር፤ ህፃኗ ግን ጥቂት ቀን አልቅሳ አልቅሳ ለመደች። ገንፎ በማንኪያ ሲያጎርሷት ጣታቸውን ጨምድዳ ትይዛለች። መካኒኩም ጥቂት ሰንብቶ ሌላ ሴት አገባ። በኮምፔንሳቶው የሚመጣው ድምፅ የሌላ ሴት ሆነ እንጂ ያው ነው።

ሰፈሩ ውስጥ ወሬው ራሱን አስተካከለ። መጀመሪያ "ተመትታ ሄደች" ይባል ነበር። ቀጥሎ "ሄደች" ብቻ ሆነ። ኋላ ላይ ሴቶቹ ውሃ መቅጃው ጋ፣ "የምትጠባ ልጇን ጥላ የሄደች፣ ምን ዓይነት አንጀት ነው?" ይባባሉ ጀመር። እትዬ ሰብሳቢ ይህን አላሉም፤ ሲባል ግን አላረሙም። ባለ ባጇ በአንድ ትልቅ ሆቴል በተደረገ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ወሰደቻቸው። በልጃቸው ላይ ሳይቀር ለተጎጂ የቆሙ እናት ተብለው ቀረቡ። አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብላቸው እውነትም ያደረጉት ያ መሰላቸው።

የመጠለያው ጊዜ ሲያልቅ ልጅቷ ተመለሰች። ጠዋት ነበር። ላውንድሪው ትይዩ ከመንገዱ ማዶ ቆመች። ከስታለች፤ ጡቷ ደርቋል፤ የለበሰችው የሰው ልብስ ነው። እትዬ ሰብሳቢ ህፃኗን ታቅፈው በር ላይ ቆመው አዩዋት።

መንገዱን ተሻግራ ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች። "እማማ፣ ልያት ብቻ። አልነካትም።"

"ከዚያው ሆነሽ እያየሻት አይደል?"

"ሚሚዬ" አለች ልጅቷ። "የኔ ዓለም። እኔ ነኝኮ።"

ህፃኗ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ፊቷን አያቷ አንገት ሥር ቀበረች።

"አስፈራሻት" አሉ እትዬ ሰብሳቢ። ፌርማታው ጋ ቆመው የነበሩትን ሁለት ባለ አረንጓዴ ሰደርያ ወጣቶች በእጃቸው ጠሯቸው። ኮሚቴው በቅርቡ የሰፈሩ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ያለ ጉዳይ ሰፈሩ ውስጥ እንዳይቆም ወስኖ ነበር።

ወጣቶቹ ልጅቷን ሲያዩ ቆም አሉ። ሸሚዛቸውን የምትተኩስላቸው እሷ ነበረች። "እትዬ፣ እሷኮ..." አለ አንደኛው።

"የሰፈሩ ነዋሪ ናት?"

"አሁንማ አይደለችም።"

"እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ? ህፃን እያስለቀሰች ነው።"

ግራና ቀኝ ክንዷን ያዟት። በሥልጠናው እንደተነገራቸው አልገፈተሯትም፣ አልተሳደቡም። በግራዋ ያለው ልጅ ቀስ ብሎ፣ "ይቅርታ እህታችን፣ ታዝዘን ነው" ይላታል፤ በዚያ በኩል ስለማትሰማ ምን እንዳለ አላወቀችም። እየዞረች እያየች ሄደች። አውቶቡሱ ሲመጣ ደግፈው አሳፈሯትና በሩ እስኪዘጋ ቆመው ጠበቁ።

እትዬ ሰብሳቢ ወደ ውስጥ ገብተው ህፃኗን የተተኮሰ ልብስ ክምር አጠገብ አስቀመጧት። ካውያውን እስኪግል ጠበቁና የሃምሳ አለቃውን ዩኒፎርም ዘረጉ።

ህፃኗ ገና አፍ መፍታቷ ነው። ወደ በሩ በጣቷ እያመለከተች፣ "ማነ?" አለች።

"ማንም አይደለችም" አሉ እትዬ ሰብሳቢ፤ ኮሌታውን ገለበጡና መተኮሳቸውን ቀጠሉ።