በሁለት ጾም የተጠበሰ ድንች

ቺፕሱን ማን ጀመረው ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ድሮ አስቀምጬ አስረዳው ነበር። አሁን ቢላዋ አስይዤ ድንች አስልጠዋለሁ። አንድ ሳፋ ልጦ ሲነሳ ጥያቄው ከላዩ ይወርድለታል። በሠፈራችን ይህ ነገር ስንቱን አከራክሯል መሰላችሁ። አንዱ ጣልያን ነው ያመጣው ይላል፤ ሌላው ከአስመራ የተመለሱ ሴቶች ናቸው ይላል፤ የቃላሚኖ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደግሞ እኛ ባንበላው ማን ያውቀው ነበር ብለው ለራሳቸው ይወስዱታል። ይከራከሩ፤ እኔ ምን ቸገረኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ባለቤቴ ዘኪያና ጎረቤታችን ለተኪዳን በዚሁ ድንች ተጣልተው መለያየታቸው ነው።

ሐቢብ እባላለሁ። ከወሎ የመጣሁት በጉርምስናዬ ነው፤ የሸበትኩት ግን እዚሁ መቐለ ነው። የልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ነበርኩ፤ ወገቤ እምቢ ሲለኝ የሚስቴ ድንች ላጭ ሆንኩ። ለተኪዳን የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ በዕድሜ ከዘኪያ ትንሽ ትበልጣለች። በጦርነቱ ጊዜ፣ መንገዱ ተዘግቶ ወሎ ካሉት ዘመዶቻችን ድምፅ እንኳ ባጣንበት ወቅት፣ ከእሷ ቤት የተቆላ ገብስ ከተገኘ እኩሌታው የእኛ ነበር። ያን ውለታ በምን እከፍለዋለሁ። ሰላም ሲሆን ሁለቱ ሴቶች አንድ መጥበሻ ገዝተው መንገድ ዳር ቺፕስ መጥበስ ጀመሩ። በእኛ አገር የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ነው፤ ድንች ግን ሁሉም ይበላዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሰኞ ገቡ። እስከዚያ ድረስ ለተኪዳን ስትጾም ዘኪያ ትቀምስ ነበር። ያን ቀን ግን የሁለቱም አፍ ተዘጋ። ዘኪያ የተከተፈውን ድንች ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ለዙህር ሶላት ገባች። ለተኪዳን ወደ ቅዳሴ ስትሄድ ብቅ አለችና ሳፋውን አየችው። የሚስቴ እጅ ጨው ላይ ከባድ እንደሆነ ታውቃለች፤ ቀምሳ እንዳታረጋግጥ ጾም ነው። ውሃውን በሙሉ ደፋችው። በንጹህ ውሃ ሎሚ ጨምቃበት ዘፈዘፈችና ሄደች። ዘኪያ ከሶላት ስትመለስ ውሃው ተቀይሯል። ጨው የለውም ብላ ጠረጠረች፤ እሷም መቅመስ አትችልም። እንደገና ደፍታ እንደገና በጨው ዘፈዘፈችው።

እኔ ጮህኩ። ውሃ ስንት ቀን ተጠብቆ በጀሪካን በሚቀዳበት ሠፈር አንድን ድንች ሦስት ጊዜ ማጠብ ምን የሚሉት ጥጋብ ነው አልኩ። ውሃችን የሚመጣበት የዓይናለም ጉድጓድ ይህን ቢያይ ያለቅሳል አልኩ። የሰማኝ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለተኪዳን ከቅዳሴ ተመለሰች። ዘኪያ ከመጥበሻው የወጣውን የመጀመሪያ እፍኝ በትንሿ ሰማያዊ ሳህን አድርጋ ጾሟን እንድትፈታበት ሰጠቻት። ለተኪዳን ነከሰችው፤ ኩርሽም አለ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ድንቹ ሦስት ውሃ አይቶ ዱቄቱ ለቆታል፤ ሎሚው ደግሞ አጠንክሮታል። እኔ ለመግሪብ ሳፈጥርበት በጩኸቴ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ያው ሆነ፤ የጨው ውሃ፣ የሎሚ ውሃ፣ እንደገና የጨው ውሃ። ጾም በመጣ ቁጥርም የመጀመሪያዋ እፍኝ የለተኪዳን ናት።

ያለፈው መስቀል እንዳለፈ ሕዝቅኤል የሚባል የሬዲዮ ጋዜጠኛ ስለ ከተማው ምግቦች ሊጠይቅ መጣ። ለተኪዳን ለቅሶ ሄዳለች። ይህን ቺፕስ ማን ጀመረው ሲላት ሚስቴ «እኔ ነኝ፣ በጨው ውሃ» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለተኪዳን ከለቅሶ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ በሬዲዮ ሰማችው። መጣች፤ የራሷን ሳፋ አንስታ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ ማዶ መጥበሻ ጥዳ «ናይ መጀመርታ ቺፕስ» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። ዘኪያም አላረፈችም፤ «የመጀመሪያው ቺፕስ» ብላ አጻፈች። ሁለት ሰሌዳ ፊት ለፊት ተፋጦ ቀረ።

ከዚያ የሆነው ያስቃል፤ ባያሳዝን ኖሮ። ዘኪያ የጨው ውሃዬ ነው ዋናው ለማለት ሎሚውን ተወች። ለተኪዳን ሎሚዬ ነው ለማለት ጨዉን ተወች። የአንዷ ቺፕስ ተልፈሰፈሰ፤ የሌላዋ አልጫ ሆነ። ደንበኛው ከዚህም ከዚያም እየቀመሰ ወደ ሳምቡሳ ዞረ። የማን ቤት ጠፍቶ የማን ሊበጅ! ገበያው ግን ይቅር፤ ገበያ ይመለሳል። ልጆቻችን ተድረው ርቀዋል፤ ዘኪያ መቐለ ውስጥ የሥጋ ዘመድ የላትም። እህቴ የምትላት ለተኪዳንን ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ የምታወራው ከዘይቱ ጋር ሆነ። ይህችን ሴት ካጣቻት የሚተካላት እንደማይኖር አውቄ ፈራሁ። ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ ስላት፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብላ ዘጋችኝ።

ዘንድሮም ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ገቡ። በረመዳን የመጀመሪያ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ የዘኪያ እጅ ሰማያዊዋን ሳህን ፈለገ። የመጀመሪያዋን እፍኝ አስቀመጠችባትና ከደነቻት። ማንም አልመጣም፤ ቀዘቀዘ። ካፈጠርን በኋላ ልብላው ብል እጄን መታችኝ። በማግስቱም እንዲሁ፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። እኔ በሆዴ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እላለሁ። ለእሷ ብናገር ሳህኗን ጭራሽ ትሰብራታለች ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ግን የዐስር ሶላት ልትሰግድ ስትገባ ሳህኗን አንስቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ለተኪዳን ከቅዳሴ መመለሷ ነው፤ ነጠላዋን እንዳጣፋች መጥበሻዋ አጠገብ ቁጭ ብላለች፤ ገና እህል አልቀመሰችም። ሳህኗን ፊቷ አኖርኳት። ወዲያው አወቀቻት።

«ሓወይ ሐቢብ፣ ዘኪያ ድያ የላከችህ?»

አንድ «አዎ» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ውሸት እንደዚያ ቀን አምሮኝ አያውቅም።

«ጾም ላይ ነኝ፣ አልዋሽሽም» አልኳት። «አልላከችኝም። ግን ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላንቺ ታስቀምጣለች። ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።»

ለተኪዳን ሳህኗን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ አማተበችና አንዷን አንስታ ነከሰች። ድምፅ የለውም። እያላመጠች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ሎሚ የለውም» አለች። ሎሚዎቿን በነጠላዋ ቋጥራ ከኔ ቀድማ ተሻገረች።

ዘኪያ ሰግዳ ስትወጣ ለተኪዳን የእኛን ሳፋ ደፍታ ሎሚ እየጨመቀች አገኘቻት። መሬቱ በጨው ውሃ ርሷል። አሁን ጉድ ፈላ ብዬ ጠበቅኩ። ሚስቴ የፈሰሰውን ውሃ አየች፤ የለተኪዳንን እጅ አየች።

«ጨው በዝቶበት ነበር እንዴ?» አለች።

«ሁሌም ይበዛበታል።»

ዘኪያ ትንሿ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጆቻችን ሲዳሩ እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም።

«ለተይ፣ ሬዲዮው ላይ ስምሽን መጥራት ነበረብኝ» አለች። «አንቺ ባትደፊው ኖሮ ያ ድንች ተራ ድንች ነበር። ማን ጀመረው ካሉኝ አንቺ ነሽ። ወላሂ፣ ያላንቺ ጾም ከብዶኛል።»

ለተኪዳን ደግሞ የለም፣ ያንቺ ነው ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እወ፣ የእኔ ነው» አለች ኮራ ብላ። ሠላሳ ዓመት በክርክር ተሸንፋ የማታውቅ ሚስቴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ለተኪዳን ሳፋውን ወደ እሷ ገፋ አደረገችው።

«በይ ጨውሽን አምጪ እንጂ፣ ሓፍተይ። ምን ትጠብቂያለሽ? ሰው ቆሟል።»

«የቐንየለይ» አለች ዘኪያ። በትግርኛ ስታመሰግን ከልቧ መሆኑን ለተኪዳን ታውቃለች።

በዚያን ቀን አዛን ሲል ተምር ቀመስን፤ ለተኪዳን ቺፕሱን በገዛ እጇ ሚስቴን አጎረሰቻት፤ ኩርሽም አለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ስለ ገብሱ አልኩ፤ ስለ ጎረቤት አልኩ፤ ከዓይናለም ድረስ መጥቶ ስለተደፋው ውሃም አልኩ። ውሃ በተደፋ ቁጥር የምጮህ ሰውዬ፣ አሁን አመስግኜ ሌላ ጀሪካን አመጣለሁ።

ሰሌዳዎቹ እስካሁን አሉ፤ የሚያወርዳቸው ሰው ጠፍቶ እንደተፋጠጡ ናቸው። በዕርቁ ማግስት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለተኪዳን ከቅዳሴ እንደተመለሰች፣ የመጀመሪያዋ እፍኝ ከመጥበሻው ወጣች። ዘኪያ ሰማያዊዋ ሳህን ላይ አደረገችና መክደኛውን ልታነሳ ዘወር አለች። ስትመለስ ሳህኗ ባዶ ነበረች።