ላስቲኩን ያሰረው ማን ነው?

ባምላኩ ከሆስፒታል በወጣ ማግስት ሚዛን አማን ከተማ ያለው ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። የገባ ሁሉ በፋሻ የተጠቀለለውን ግራ እጁን ያይና ከንፈሩን ይመጥጣል። ቀጥሎ ሁሉም አንድ ነገር ይላል፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጅህን ሙሉ በሙሉ ያላሳጣህ።»

ባምላኩ አሜን ማለት ሰልችቶታል። ጠቋሚና የመሃል ጣቱ የሉም። አናጢ ነው፤ ምስማር የሚይዘው በእነሱ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ይሄይስ ሊጸልዩ ተነሱና «እንግዲህ የጌታ ፈቃድ ሆኖ...» ብለው ሲጀምሩ አላስጨረሳቸውም።

«ላስቲኩን ያሰረው ጌታ አይደለም። አሞጽ ነው!»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። አሞጽ የባምላኩ ሚስት የሰሎሜ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከባምላኩ ጋር አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራል። በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንገቱን ደፋ።

«መብራቱ ነው ጋሼ» አለ። «ድንገት ባይመጣ ኖሮ...»

«መብራትማ ሥራው መምጣት ነው! ይሄዳል፣ ይመጣል። ሚዛን ውስጥ ይህን የማያውቅ አለ?»

ሰሎሜ ከጓዳ ወጥታ ባሏን በዓይኗ ለመነችው። ንዴቱ ግን አልበረደለትም።

የሆነው እንዲህ ነው። ቴፒ ከተማ እየተገነባ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በርና መስኮቱን እንዲያቀርቡ ለእነሱ ሰጥቷቸው ነበር። ለበርና መስኮቱ ማቀፊያ የሚሆነውን የዋንዛ እንጨት በማዕዘን የሚቆርጡት በኤሌክትሪክ መጋዝ ነው። የመጋዙ እጀታ ላይ ጣት የሚጫነው ማስነሻ አለ፤ ጣት ሲለቀው የሚቆርጠው ጥርሳም ዲስክ ይቆማል። ባምላኩ መስኮቶቹን ሊለካ ቴፒ በሄደበት ቀን አሞጽ ብቻውን ሲቆርጥ ዋለ። ጣቱ ደከመው። ከተጣለ የባጃጅ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ማስነሻውን ከእጀታው ጋር ጥፍር አድርጎ አሰረው። እንጨት ግማሽ ላይ እያለ መብራት ሄደ። አሞጽ ሁሉንም እንደነበረ ትቶ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ባምላኩ ከቴፒ ሲመለስ ዲስኩ ዋንዛው ውስጥ ተቀርቅሮ አገኘው። ደረቅ ዋንዛ ነው፤ እንዳይሰነጠቅ ብሎ ሳሳ። እጀታውን ሳይነካ፣ ላስቲኩን ሳያይ፣ ሶኬቱን ሳይነቅል፣ ግራ እጁን ከዲስኩ ጀርባ አስገብቶ ቁራጩን ሊያላቅቅ ጎተተ። መብራት መጣ። ጩኸቱን የሰሙት ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቡና ነጋዴዎች ናቸው፤ በባጃጅ አፋፍሰው ወደ ሆስፒታል ያደረሱትም እነሱ ናቸው።

ጠያቂው ሲቀንስ ሰሎሜ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይቅር በለው። እንቅልፍ አጥቷል፣ እህል አይቀምስም።»

«እኔስ ቀምሼ ነው?»

«ወንድሜ ነው ባምላኩ። ምን ላድርገው?»

«አንቺን ምንም አላልኩም። ግን ‹መብራቱ ነው› ይላል፣ ‹ሰይጣን ነው› ይላል። ‹እኔ ነኝ› የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም! መጀመሪያ እሱን ይበል።»

ሰሎሜ ያን ጊዜ አለቀሰች። ባምላኩ እሷን በማስለቀሱ ደግሞ ሌላ ንዴት ጨመረበት።

ቁስሉ ሳይደርቅ አንድ ጠዋት ቤት መዋሉ አላስችል አለውና ዝናቡን እየተከላከለ ወርክሾፕ ሄደ። ከሩቅ የመጋዙን ድምፅ ሲሰማ እርምጃው ዘገየ፤ ደጁ ላይ ቆመ። አሞጽ እየቆረጠ ነበር። ላስቲኩ የለም። ማስነሻውን ለቀቀ፤ ዲስኩ ግን ገና ይሽከረከራል። ዲስኩ ሳይቆም ግራ እጁን ሰዶ ቁራጩን ለቀም አደረገ።

ባምላኩ ምን እንደሚያደርግ አላሰበም። ሶኬቱን ከግድግዳው መንጭቆ ወረወረው።

«የእኔ አልበቃህም? እናትህ የሰጠችህ እጅ በዛብህ?»

አሞጽ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ከዚያ እሱም ተቆጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው።

«አንተስ? አንተ ለምን ሶኬቱን ሳትነቅል እጅህን ከተትክ?»

ባምላኩ ፋሻውን አየ። በፋሻው ውስጥ የሌሉት ጣቶች ያሳክኩት ነበር።

«አዎ» አለ። «መንቀል ነበረብኝ። እሱ የእኔ ነው፤ እስክሞት እኔው እሸከመዋለሁ። ያንተን ግን አልሸከምልህም! ላስቲኩን ማን አሰረው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አሞጽ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያሰርኩት። ትቼው የሄድኩትም እኔ ነኝ።»

ባምላኩ ይህን ሲሰማ የሚቀለው መስሎት ነበር። አልቀለለውም። ቢሆንም ከጠያቂዎቹ መሃል እውነቱን የነገረው ሰው እንደሌለ፣ አሁን ግን አንድ እንዳገኘ ተሰማው።

«ተነስ» አለው። «እንጨቱን በማጥበቂያው እሰረው። አጭሩን በእጅህ አትያዝ። ግራ እጅህን ወደዚህ፣ ራቅ አድርገው። አሁን ሶኬቱን ሰካ። ተጫን... ቆይ! ዲስኩ ሙሉ ፍጥነቱን ይያዝ። አሁን አውርድ። ጣትህን ልቀቅ። እዚያው ያዘው፣ አታንሳው። ቆሟል?»

«ቆሟል።»

«አሁን አንሳ። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ሶኬት እነቅላለሁ።»

«ድገመው።»

ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቆሞ አስደገመው፤ ሲሳሳት ጮኸበት፣ ሲያስተካክል ዝም አለው። በሮቹ ዘግይተው ቴፒ ደረሱ። አሞጽ ይቅርታ አድርግልኝ ሲለው ባምላኩ «ገና ነኝ» ብሎ መለሰለት። ውሸት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ሰሎሜ የሸሚዙን ቁልፍ ስትቆልፍለት ንዴቱ እንደ አዲስ ይመጣበታል። ከዚያ ተነስቶ ወርክሾፕ ይሄዳል። ሁለቱም እስከ ማታ አብረው ይሠራሉ።